ስኩባ ዳይቪንግ ለጀማሪ፦ የትኛው ኮርስ፣ የትኛው ባሕር?

ግብፅ፣ ዳሃብ ሄጄ የጠላቂነት ካርዴን ይዤ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ፓዲ ይሻላል ኤስኤስአይ?» ሁለቱም የጠላቂነት ካርድ የሚሰጡ ድርጅቶች ናቸው። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ዱባይ ናቸው፣ አንዳንዶቹ እስራኤልና አሜሪካ፣ የቀሩት እዚሁ አዲስ አበባ። ለሁሉም መልሴ ጥያቄ ነው። «ዋና ትችላለህ?»

ማሾፍ ይመስላል፤ አይደለም። ደጋ ያደግን ሰዎች ውሃን በደንብ የምናውቀው በጀሪካን ነው። የድርጅቱ አርማ ከምትመርጧቸው ነገሮች ሁሉ ትንሹ ነው። የሚያስጨንቁት ሌሎቹ ናቸው፦ ዋናችሁ፣ ያላችሁ ቀን፣ አሰልጣኙ ስንት ሰው ይዞ ውሃ እንደሚገባ፣ ከባሕሩ ወጥታችሁ ደግሞ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ቤት እንደምትመለሱ። የመጨረሻዋ ሌላ አገር ለሚኖር ሰው ተራ ማስታወሻ ናት። ለአዲስ አበባ ሰው ግን የአውሮፕላን ትኬቱን ቀን የምትወስነው እሷ ናት።

ሙከራ፣ ግማሽ ወይስ ሙሉ?

ሦስት አማራጭ አለ።

አንደኛው የአንድ ቀን ሙከራ ነው። «ዲስከቨር ስኩባ» ወይም «ትራይ ስኩባ» ይሉታል። አጭር ገለጻ ይሰጣችኋል፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ ትንሽ ትለማመዳላችሁ፣ ከዚያ አሰልጣኙ የአየር ቦምቦላችሁን ከኋላ ጨብጦ ይዟችሁ ይገባል። ከ12 ሜትር አያልፍም። የዋና ፈተና የለውም፤ ሰርተፍኬትም የለውም። ብዙ ቦታ ከ50 እስከ 100 ዶላር ይጠይቃል።

ሁለተኛው «ስኩባ ዳይቨር» የሚባለው ግማሽ ኮርስ ነው። ባሕር ሁለት ጊዜ ትገባላችሁ፣ ካርድ ይሰጣችኋል። ካርዱ ግን እስከ 12 ሜትር ብቻ፣ ያውም ሁልጊዜ ከባለሙያ ጋር ነው የሚያስገባችሁ። እንዳያማህ ጥራው እንዳይበላ ግፋው ዓይነት ነገር። ዋጋውም ከሙሉው ብዙ አይርቅም። ቀን አጥሮት የግድ ከሆነበት ሰው በቀር አልመክረውም።

ሦስተኛው «ኦፕን ዎተር» ነው። ሰው «ሰርተፍኬት አለኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ ይህን ማለቱ ነው። የንድፈ ሐሳብ ትምህርት፣ አምስት የገንዳ ልምምድ፣ አራት የባሕር ዳይቭ (ዳይቭ ማለት አንዴ ጠልቆ መውጣት ነው)። ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል። ሲያልቅ ከአንድ ጓደኛችሁ ጋር፣ ያለ አሰልጣኝ፣ እስከ 18 ሜትር መውረድ ትችላላችሁ። ከ10 ዓመት ጀምሮ መማር ይቻላል፤ እስከ 14 ያሉት «ጁኒየር» ካርድ ነው የሚይዙት። ካርዱ ጊዜው አያልፍበትም። ረጅም ጊዜ ካልጠለቃችሁ ግን ማደሻ ትምህርት ውሰዱ ይሏችኋል፤ ልክም ናቸው።

የኔ ምርጫ ቀላል ነው። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ከትታችሁ የማታውቁ ከሆነ ሙከራውን አስቀድሙ። 400 ዶላር ከፍሎ በመጀመሪያው ቀን «ይቅርብኝ» ከማለት 60 ዶላር ከፍሎ ማለት ይሻላል። ውሃ የማያስፈራችሁ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ሙሉውን።

የዋናው ጉዳይ

ፈተናው 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘት ነው። ወይም በማስክ (ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍነው መስታወት)፣ በመተንፈሻ ቱቦና በእግር መቅዘፊያ 300 ሜትር። ከዚያ 10 ደቂቃ መንሳፈፍ። የሰዓት ገደብ የለውም፣ የዋና ስልትም አይመረጥም። 25 ሜትር በሆነ ገንዳ 200 ሜትር ማለት ስምንት ጊዜ ዳር ለዳር ነው።

ስምንቱ አልከበደኝም። የከበደኝ መንሳፈፉ ነው። እግሬ እንደ ብረት ይሰምጣል። አዲስ አበባ የሆቴል ገንዳ እየከፈልኩ ሁለት ወር ተኩል ለፋሁ። መፍትሔው ጉልበት ሳይሆን ሳንባን ሞልቶ ጭንቅላትን ወደ ኋላ መጣል ነበር።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው «እዚያው ሄጄ እማራለሁ» ሲል ነው። የዳይቪንግ ትምህርት ቤት ዋና አያስተምርም። ለመጥለቅ የከፈላችሁትን ቀን ለመንሳፈፍ ታቃጥሉታላችሁ። ዋናውን ቤታችሁ ጨርሱ።

ፓዲ፣ ኤስኤስአይ ወይስ ሌላ?

አሁን ወደተጠየቅኩት ልመለስ። ፓዲ በ1966፣ ኤስኤስአይ በ1970 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረቱ ናቸው (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም የኦፕን ዎተር ኮርሳቸው ከአንድ ዓለም አቀፍ መስፈርት ጋር የሚሄድ ነው። የፓዲ ካርድ የያዘ ሰው ኤስኤስአይ የተለጠፈበት የዳይቪንግ ሱቅ ሄዶ ይጠልቃል፣ የኤስኤስአዩም እንዲሁ። ቀጣዩን ደረጃ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ መማርም ይቻላል።

ልዩነቱ የሚታየው አሠራር ላይ ነው። የኤስኤስአይ አሰልጣኝ የሚያስተምረው በማሰልጠኛ ማዕከል ሥር ነው። የፓዲው በግሉም ሊያስተምር ይችላል። ፓዲ በስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ኤስኤስአይ አንዳንድ ቦታ ረከስ ይላል። በቃ ይኸው ነው። ትምህርቱን ሁለቱም በስልክ አፕ ይሰጣሉ። በአማርኛ የተዘጋጀ አላየሁም፤ እንግሊዝኛችሁ ካልደረጀ አረብኛም ዕብራይስጥም አለ።

አንድ ለየት የሚል አለ። ፈረንሳይኛ በሚነገርበት አገር የፈረንሳዩ ሥርዓት ሊያጋጥማችሁ ይችላል። የመጀመሪያ ደረጃቸው እስከ 20 ሜትር ያወርዳል፣ ግን ከመሪ ጋር ነው። ጅቡቲ ለመማር ያሰባችሁ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሰልጣኙ

ገንዘባችሁን ሁሉ እዚህ ላይ አውጡ። የድርጅቶቹ ሕግ ባሕር ላይ ለአንድ አሰልጣኝ እስከ ስምንት ተማሪ ይፈቅዳል። እኔ መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ትምህርት ቤት (ስሙን አልጠራውም) በትክክል ስምንት አደረገን። ሕግ አልጣሰም። ግን ስምንት ሰው ተራ በተራ ማስኩን እስኪያጸዳ አሸዋ ላይ ተንበርክኬ ስጠብቅ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ሦስት ሜትር ላይ ጆሮዬን ሲወጋኝ እጄን አወዛወዝኩ። አሰልጣኙ ሌላ ሰው ላይ ነበር። ቀሪውን ገንዘብ ሳላስመልስ ሌላ ቤት ሄድኩ፣ ሦስት ተማሪ ወዳለበት።

ማስክ ማጽዳት ያልኩትን ላብራራው፤ ጀማሪ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። ውሃ ሥር ሆናችሁ ማስካችሁን ውሃ ታስገቡበታላችሁ። ዓይን ይደበዝዛል፣ ውሃው አፍንጫ ላይ ይቆማል። አፋችሁ ላይ ያለው መተንፈሻ አየር እየሰጣችሁ ነው፤ አእምሯችሁ ግን «ሰመጥክ» ይላል። ከዚያ የማስኩን ላይኛ ጠርዝ ግንባር ላይ ጫን አድርጋችሁ በአፍንጫ ትተነፍሳላችሁ። ውሃው በሥር ይወጣል። ሦስት ሰከንድ። እኔ ግን በሁለተኛው ቤት በመጀመሪያው ቀን ብድግ ብዬ ልወጣ ስል አሰልጣኟ ጃኬቴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ለምን እንደያዘችኝ ማታ ነው የገባኝ። 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከላይ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ በሳንባችሁ የያዛችሁት አየር ላይ ስትደርሱ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽ አለመያዝ ነው። ደንግጦ ትንፋሹን ይዞ የሚተኮስ ሰው ሳንባውን ይጎዳል፤ ሁለትና ሦስት ሜትር እንኳ ቀላል አይደለም።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ሳፋ ውስጥ ነው። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሃ ሞላሁ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ጎረስኩ፣ ያለ ማስክ ፊቴን ነክሬ በአፌ ብቻ መተንፈስ ተለማመድኩ። አምስት ደቂቃ፣ ሦስት ምሽት። ቤታችሁ ሆናችሁ ሞክሩት። የቤት ሰው ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ።

የትኛው ባሕር?

*ዳሃብ፣ ግብፅ።* ለኮርስ ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው። አብዛኛው ዳይቭ ከዳር በእግር ስለሚገባ የጀልባ ሒሳብ የለም። ኦፕን ዎተር ከ300 እስከ 400 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ትምህርት ቤት በትምህርት ቤት ስለሆነ ካልተመቻችሁ ትቀይራላችሁ፣ እኔ እንዳደረግኩት። ውሃው ጥርት ያለ ነው። በክረምታቸው ግን ወደ 21 ዲግሪ ይወርዳልና ወፍራም የጠላቂ ልብስ ጠይቁ። «ብሉ ሆል» የሚባለውን ጉድጓድ ስሙን ሰምታችሁ እንዳትፈሩ። ሰዎች የሞቱበት ከ50 ሜትር በታች ያለው ቅስት ነው። እናንተ በካርዳችሁ እዚያ አትደርሱም። ዳር ያለው ድንጋይ ላይ የሟቾች ስም ተለጥፏል፤ አንብቡት።

*ኢላት።* እስራኤል ላላችሁ ሌላ አገር መሄድ አያስፈልግም። የዳሃብና የኢላት ውሃ አንድ ነው፣ የአቃባ ባሕረ ሰላጤ። እስራኤል ለመዝናኛ ጠላቂዎች የተለየ ሕግ አላት፤ ከ1979 ጀምሮ። የጠላቂ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ ስድስት ወር ሳትጠልቁ ከቆያችሁም ማደሻ ዳይቭ ያስደርጓችኋል። ሰው ያማርራል፤ እኔ ግን ለጀማሪ ጥሩ ነው እላለሁ። በ1994 ሆን ተብሎ የሰመጠ የባሕር ኃይል መርከብም አለ፣ «ሳቲል» ይባላል። ግርጌው 24 ሜትር አካባቢ ስለሆነ በአዲሱ ካርዳችሁ የላይኛውን ክፍል ነው የምታዩት።

*ጅቡቲ።* ከአዲስ አበባ በጣም የሚቀርበው ባሕር ይኸው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አርታ ዳርቻ ዌል ሻርክ ይመጣል። በዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፤ ሰው አይበላም፣ የሚበላው ረቂቅ ነገር ነው። ያ ረቂቅ ነገር ደግሞ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ዓሣውን ለማየት ማስክና ቱቦ ይበቃል፣ ሰርተፍኬት አይጠይቅም። ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ለሙከራ ዳይቭ ደህና ናቸው። ለሙሉ ኮርስ ግን አላስቀድመውም። ምርጫው ትንሽ ነው፣ ሆቴሉ ውድ ነው፣ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ይበዛዋል።

*ኬንያና ዛንዚባር።* ኬንያ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ይገባል። ዲያኒና ዋታሙ ጥሩ ናቸው፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ውሃው ሞቃት ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አትሂዱ፤ ዝናቡ ነው፣ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ዛንዚባር ኑንግዊ ሆናችሁ ምኔምባ ደሴት ዙሪያ ትጠልቃላችሁ። ሁለቱም ቦታ በጀልባ ስለሆነ ዋጋው ከዳሃብ ከፍ ይላል፤ ከ450 እስከ 600 ዶላር አስቡ። ከቤተሰብ ጋር ለሚሄድ፣ ዳይቪንጉ የእረፍቱ አንድ ክፍል ብቻ ለሆነበት ሰው፣ እነዚህ ከዳሃብ ይሻላሉ።

*ኤምሬትስ።* ዱባይ በ2021 የተከፈተ 60 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ አለ። ውሃው 30 ዲግሪ ነው፣ ጨው የለውም። ያምራል፣ ውድ ነው፣ ለመማር ግን የግድ አይደለም። ባሕሩ ፉጃይራ በኩል ነው፤ ዲባ ሮክና ስኑፒ ደሴት። ከዱባይ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ። በሁለት ቅዳሜና እሁድ ይጨረሳል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እረፍት ላላት እህት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ።

እሱም ሪፈራል ነው። አዎ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል እንደሚጻፈው ሪፈር። ንድፈ ሐሳቡንና ገንዳውን በምትኖሩበት ከተማ ትጨርሳላችሁ። ወረቀት ይጻፍላችኋል። አራቱን የባሕር ዳይቭ ለእረፍት በሄዳችሁበት አገር ታደርጋላችሁ። አሜሪካ ላላችሁ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ብዙው የአሜሪካ ክፍል የባሕር ዳይቩን ቀዝቃዛ ሐይቅ ወይም ውሃ የሞላው የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው የሚያስደርገው። በጥር ብርድ ካባ ውስጥ ከመንቀጥቀጥ ፍሎሪዳ ሄዶ መጨረስ ይሻላል። ሁለት ቤት ስለምትከፍሉ ጠቅላላው ዋጋ ሊጨምር ይችላል። የምታተርፉት ቀን ነው፤ ከአራት የእረፍት ቀን ሁለቱ ይተርፋችኋል።

ከባሕር ወደ ደጋ

ውሃ ሥር በግፊት ስትተነፍሱ ናይትሮጅን ሰውነታችሁ ውስጥ ይከማቻል። (ቦምቦላው ውስጥ ያለው ተራ አየር ነው፤ ሰው «ኦክስጅን» ይለዋል እንጂ።) ናይትሮጅኑ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣችሁ እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል። ስለዚህ ከአንድ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ወይም ከብዙ ቀን ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት አትብረሩ ይባላል። እኔ 24 አደርገዋለሁ።

ይህ ሕግ የተሠራው የአውሮፕላን ውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለውን ያህል ይሳሳል ተብሎ ነው። ፓሪስ ለሚያርፍ ሰው በረራው ሲያልቅ ጉዳዩም አለቀ። ቦሌ ግን ራሱ ከባሕር ጠለል 2,330 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ድሪምላይነር ውስጥ ያለው አየር እስከ 1,800 ሜትር አካባቢ ያለውን ነው የሚመስለው። ማለትም ከአውሮፕላኑ ወርዳችሁ ሽሮ ሜዳ ቤታችሁ ስትገቡ ከአየር ላይ ወደ ባሰ ከፍታ ወጣችሁ ማለት ነው። በማግሥቱ እንጦጦ ፓርክ ልሂድ ካላችሁ ደግሞ ሕጉ ከተሠራበት ከፍታ በብዙ አለፋችሁ። አንድ ሁለት ቀን ይቆያችሁ።

«በባቡር እመለሳለሁ» የሚለውም አያድንም። ከጅቡቲ የሚነሳው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ 1,200 ሜትር አካባቢ ወጥቷል፣ ከዚያም ይቀጥላል። ለናይትሮጅኑ ባቡርም አውሮፕላን ነው።

ዳሃብ የሚሄድ የኛ ሰው ሌላ ወጥመድ አለበት። ሲና ተራራና የቅድስት ካትሪን ገዳም ሁለት ሰዓት መንገድ ናቸው። እዚያ ድረስ ሄዶ ሳይሳለም የሚመለስ የለም። ገዳሙ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው፣ የተራራው ጫፍ 2,285። ብዙዎች ኮርሱን ጨርሰው በዚያው ሌሊት ተራራውን ሊወጡ ያስባሉ። መሳለሙን አስቀድሙ፣ ዳይቪንጉን አስከትሉ፣ ከዚያ አንድ ባዶ ቀን፣ ከዚያ በረራ።

ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ብማርስ የሚለኝም አለ። ከባሕር ጠለል ከ300 ሜትር በላይ ያለ ውሃ ሁሉ የከፍታ ዳይቭ ነው፤ ስሌቱ ይቀየራል። የጀማሪ አይደለም። ለዋና ግን እሰየው፣ ላንጋኖም ቢሆን።

ከመሄዳችሁ በፊት

የጤና መጠይቅ ትሞላላችሁ። አስም፣ ልብ፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ቀዶ ጥገና ካለባችሁ የሐኪም ፊርማ ይፈልጋል። ቅጹን ከትምህርት ቤቱ አስልካችሁ ፊርማውን እዚሁ ጨርሱት፤ እዚያ ሐኪም ፍለጋ አንድ ቀን ይበላል። አትዋሹ። እርጉዝ ከሆናችሁ ይቆይ። ጉንፋን ከያዛችሁም ጆሯችሁ ተዘግቶ ግፊቱን ማመጣጠን ያቅተዋልና አትግቡ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ አስቡበት። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ ሁለት ዳይቭ ማድረግ ከባድ ነው፤ የውሃ ጥም ደግሞ ለዚያ ለአረፋው ችግር ያጋልጣል። እኔ ከፋሲካ በኋላ ያደረግኩት ለዚህ ነው። ረመዳን ላይ ያሉም እንዲሁ።

ሹሩባ የምትሠሩ፣ ወደ ኋላ ይሠራ። አንዲት ቁንዳላ እንኳ በማስኩ ጎማና በግንባር መካከል ከገባች ውሃው መንጠባጠብ አያቆምም። ጺምም ያው ነው፤ ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለውን ላጩት ወይ ቫዝሊን ቀቡት።

ለትምህርት ቤቱ በዋትስአፕ ይህን ላኩ፦ በአንድ አሰልጣኝ ስንት ተማሪ ታስገባላችሁ? ዋጋው የአፑን ትምህርት፣ ካርዱን፣ የዕቃ ኪራዩንና ጀልባውን ያካትታል? በአራት ቀን ካልጨረስኩ ተጨማሪ ቀን ስንት ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ሲመልሱ አስተውሉ። «ሁሉም ሰው በሦስት ቀን ይጨርሳል» ብለው ከመለሱላችሁ ሌላ ቤት ጻፉ። እኔን የተቀበለኝ ሁለተኛው ቤት የመለሰልኝ «አንድ ቀን በነፃ እንጨምርልሃለን፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ነው። ያቺን ቀን ተጠቅሜባታለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ማስክ ሳጸዳ ዋልኩ።